ኦንላይን ጌም ላይ ኮምፒውተሬ ይቆራረጣል፤ ግራፊክስ ካርድ ከመግዛቴ በፊት ምን ልፈትሽ?

ቀስተኛው፦
ሰላም ጌመሮች። የምጫወተው ቤት ባለ ዴስክቶፕ ነው። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 3600፣ ራሙ 16 ጂቢ (ሁለት ባለ 8)፣ ግራፊክስ ካርዱ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ነው። ዊንዶውሱ ኤስኤስዲ ላይ ነው፤ ጌሞቹ ግን ሃርድ ዲስክ ላይ ናቸው። ኢንተርኔት በዋይፋይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ካውንተር ስትራይክ 2 ላይ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዳንዴ ስክሪኑ ለግማሽ ሰከንድ ያህል ድርቅ ይልና ይለቀቃል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ምስሉ ጥርት ብሎ እየሄደ፣ እዚህ ቆሞ የነበረው ተቃራኒ ድንገት እዚያ ይገኛል። መታሁት ያልኩት ጥይት አይቆጠርም። ግድግዳ ጀርባ ከገባሁ በኋላ የምሞትበት ጊዜም አለ። ጓደኞቼ በሙሉ «ካርድ ቀይር» ይሉኛል። ካርድ ደግሞ ቀላል ወጪ አይደለም። ከየት ልጀምር?

ፍሬም_ቆጣሪ፦
ወንድሜ፣ ለጊዜው ምንም አትግዛ። የነገርከን ሁለት የተለያየ ችግር ነው፤ መፍትሔያቸውም አይገናኝም።

ስክሪኑ ድርቅ ሲል ችግሩ ያለው ኮምፒውተርህ ውስጥ ነው። ምስሉ ጥርት ብሎ እየሄደ ሰው ከቦታ ቦታ ሲዘልና ጥይት ሳይቆጠር ሲቀር ግን ችግሩ ያለው አንተንና ሰርቨሩን በሚያገናኘው መንገድ ላይ ነው። በዓለም ላይ ያለውን ውድ ካርድ ብትገዛ ሁለተኛው አይነካም። የኢንተርኔት ፍጥነትህን እጥፍ ብታደርግ ደግሞ የመጀመሪያው ንቅንቅ አይልም።

ለመለየት ቀላሉ ዘዴ ይሄ ነው፤ ያለ ኢንተርኔት ከቦት (ኮምፒውተሩ ራሱ ከሚያንቀሳቅሰው ተጫዋች) ጋር ተጫወት። ከቦት ጋርም ከደረቀ ኮምፒውተሩ ነው፣ አለቀ። ከቦት ጋር ሰላም ሆኖ ኦንላይን ብቻ የሚረብሽህ ከሆነ ኔትዎርኩን ፈትሽ። እንደገመትኩት ግን አንተ ዘንድ ሁለቱም አሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። አማካይ የፍሬም (ስክሪኑ ላይ የሚወጣው የእያንዳንዱ ምስል) ቁጥር አታይ። በሰከንድ 60 ፍሬም ማለት እያንዳንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ይወስዳል ማለት ነው። 144 ከሆነ ወደ 6.9 ይወርዳል። አሁን አንዱ ፍሬም ብቻ 200 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ አማካዩ እምብዛም አይነቃነቅም፤ እጅህ ግን ወዲያው ያውቀዋል። ስለዚህ የፍሬም ጊዜውን የሚያሳይ ግራፍ ክፈት። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር ከሪቫ ቱነር ጋር ያሳይሃል። ካውንተር ስትራይክ 2 ራሱም ሴቲንግ ውስጥ ቴሌሜትሪ የሚል ክፍል አለው፤ የፍሬም ጊዜውንም ፒንጉንም (ዳታው ሰርቨሩ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ) የጠፋውን ዳታም ስክሪኑ ጥግ ላይ ያወጣልሃል። መጀመሪያ ለካ፣ ከዚያ ቁጥሮቹን ይዘህ ና።

ሚሚ_ጌመር፦
ፍሬም_ቆጣሪ ያለው ልክ ነው። ለኔትዎርኩ ደግሞ ይቺን ሞክራት፤ ምንም ሶፍትዌር አትፈልግም።

ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈት። አይፒኮንፊግ ብለህ ጻፍና «ዲፎልት ጌትዌይ» የሚለውን ቁጥር ያዝ። ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም ተቀራራቢ ነው፤ የራውተርህ አድራሻ እሱ ነው። ከዚያ ፒንግ በለው፤ እንዳይቆም መጨረሻው ላይ ሰረዝ ቲ ጨምርበት። እሱ እየሮጠ ጌምህን ተጫወት። ሲቆራረጥብህ ወጣ ብለህ እየው።

በኬብል ከሆንክ ራውተርህ በ1 ሚሊሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ነው መመለስ ያለበት። በዋይፋይ ጥቂት ሚሊሰከንድ ቢሆን ችግር የለውም። ግን 2፣ 3፣ 2 እያለ ሄዶ ድንገት 100 ወይም 150 ካለ ችግሩ ቤትህ ውስጥ ነው ማለት ነው። ገና ከቤት ሳትወጣ ተደናቅፈሃል። አገልግሎት ሰጪውን ከመውቀስህ በፊት ይሄን እይ።

ነጩ_ፈረስ፦
እኔ ዲኤንኤስ ወደ 8.8.8.8 ቀይሬ ለውጥ ያየሁ ይመስለኛል። ጌም ቡስተር የሚባሉ ሶፍትዌሮችም አሉ፤ አንድ ቁልፍ ስትጫን ራሙን ያጸዱልሃል። መጀመሪያ ነፃ የሆነውን መሞከር አይሻልም?

ፍሬም_ቆጣሪ፦
ነጩ_ፈረስ፣ ነፃ የሆነውን መጀመሪያ መሞከር ጥሩ ነው፤ በዚህ እስማማለሁ። እነዚህ ሁለቱ ግን ጊዜ ይበላሉ።

ዲኤንኤስ ሥራው ስምን ወደ አድራሻ መቀየር ነው። ጌሙ የሰርቨሩን አድራሻ አንዴ ካገኘ በኋላ ዳታው ቀጥታ ወደዚያ ይሄዳል። ጨዋታው ውስጥ እያለህ ዲኤንኤስ መንገዱ ላይ የለም። ድረ ገጽ ቶሎ እንዲከፈት ሊረዳህ ይችላል፤ ፒንግህን ግን አይነካውም።

ራም አጽጂ ነን የሚሉት ደግሞ ይባስ ብለው ይጎዱሃል። ዊንዶውስ ባዶ ራም ሲያገኝ በቅርቡ የተነበበ ፋይል ያስቀምጥበታል፤ ጌሙ ራም ሲፈልግ ደግሞ ወዲያው ይለቅለታል። አጽጂው ያንን ጠርጎ ሲያወጣው ጌሙ ያንኑ ፋይል ከዲስክ እንደገና ሊያነብ ይገደዳል። ቀስተኛው ጌሙ ሃርድ ዲስክ ላይ ስለሆነ የባሰ ይደርቅበታል። ሬጂስትሪ አጽጂ የሚባለውን ጭራሽ አትንኩት። ፔጅ ፋይል (ራሙ ሲጠብ ዊንዶውስ በምትኩ የሚጠቀምበትን የዲስክ ቦታ) አጥፉ የሚል ምክርም ካያችሁ እለፉት፤ ራሙ ሲሞላ ጌሙ ዝም ብሎ ይዘጋል።

ኮምፒውተሩን ማቅለል ከፈለግህ በእጅህ አድርገው። ታስክ ማናጀር ውስጥ ስታርትአፕ የሚለው ጋ ግባና ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚነሳውን የማትፈልገውን ሁሉ አጥፋ። ብሮውዘርህን ዝጋ። ፋይል ወደ ክላውድ የሚልከውን ፕሮግራም ስትጫወት አቁመው። የዊንዶውስ ጌም ሞድ ይብራ። ከጀርባ ሆኖ ጨዋታህን የሚቀዳውን አጥፋው። በቃ፣ ከዚህ የበለጠ ቡስተር አያደርግልህም።

ነጩ_ፈረስ፦
ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ዳታን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፈው ቪፒኤንስ? ፒንግ ይቀንሳል የሚል ብዙ ማስታወቂያ አያለሁ።

ፍሬም_ቆጣሪ፦
በአንድ ሁኔታ ብቻ። አገልግሎት ሰጪህ ዳታህን በጠማማ መንገድ የሚልከው ከሆነና ቪፒኤኑ አጭር መንገድ ካለው ይቀንሳል። አለበለዚያ አንድ ማረፊያ ጨመርክ ማለት ነው፤ ፒንጉ ይወጣል። ነፃ የሙከራ ጊዜ ያለውን ወስደህ በራስህ መስመር ላይ ለካው እንጂ በማስታወቂያ አትግዛ።

ቀስተኛው፦
ለካሁ! ቁጥሮቹ እነሆ።

ከቦት ጋርም ይደርቃል። በተለይ ማፑ እንደተከፈተ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ። ፍሬሙ በአማካይ ከ100 በላይ ነው፤ ግራፉ ላይ ግን መርፌ መርፌ የሚመስሉ ረጃጅም መስመሮች አሉ። ግራፊክስ ካርዱ ከ60 እስከ 70 በመቶ ብቻ ነው የሚሠራው። የፍሬም ገደብ አላደረግኩም።

ታስክ ማናጀር ራሙን 2133 ይላል፤ ሳጥኑ ላይ ግን 3200 ነው የተጻፈው። ኬዙን ከፍቼ አየሁት። አራት ቀዳዳ አለ፤ የገጣጠመው ሰው ሁለቱን ራሞች ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ጎን ለጎን ነው የሰካቸው።

ሚሚ፣ የራውተሩ ፒንግ ልክ እንዳልሽው ነው። 2፣ 3 እያለ ይሄድና 150 ይዘላል።

አባ_ራም፦
አሁን የኔ ተራ ነው። ይሄን የራም ነገር ሳይ ያንገበግበኛል፤ ስንቱ ሰው ከፍሎ የገዛውን ፍጥነት ሳይጠቀምበት ይቀራል።

መጀመሪያ ካርዱን እንፈታው። ገደብ ሳይኖር ካርዱ 60 እና 70 በመቶ ላይ ከቆመ ሥራ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ሥራ የሚያቀብለው ፕሮሰሰሩ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ደግሞ ዳታውን ከራም ይጠብቃል። ማረጋገጥ ከፈለግህ ሬዞሉሽኑን ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 አውርደው። ፍሬሙ ካልጨመረ ካርዱ ንጹሕ ነው። ካርዱ 97 እና 99 በመቶ ላይ ተለጥፎ ቢሆን ኖሮ ጓደኞችህ ልክ ነበሩ።

አሁን ወደ ራሙ። አራት ቀዳዳ ያለው ቦርድ ላይ ሁለት ቻናል አለ። ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥር 1 እና 2 የአንደኛው ቻናል ናቸው፤ 3 እና 4 የሁለተኛው። ጎን ለጎን ሲሰኩ ሁለቱም አንድ ቻናል ላይ ተጨናነቁ፤ ሌላው ቻናል ባዶውን ቆሟል። በአብዛኛው ቦርድ ላይ ትክክለኛው ቦታ 2 እና 4 ነው። የቦርዱ መመሪያ ላይ ይጻፋል፤ አይተህ አረጋግጥ።

በቁጥር ላሳይህ። አንድ ቻናል በአንድ ጊዜ 8 ባይት ያሳልፋል። 2133 ማለት በሰከንድ 2133 ሚሊዮን ጊዜ ነው፤ በ8 ሲባዛ በሰከንድ 17 ጂቢ ያህል ነው። አሁን ያለህ ይሄ ነው። በ3200 በሁለት ቻናል ሲሆን 51.2 ጂቢ ይደርሳል። ሦስት እጥፍ! ምንም ሳትገዛ! ፍሬምህ ሦስት እጥፍ ይሆናል ማለት ግን አይደለም። አማካዩ የተወሰነ ይወጣል፤ የበለጠ የምታየው ግን ድንገተኛ መውረዶቹ ሲቀንሱ ነው። ራይዘን ላይ ደግሞ የፕሮሰሰሩን ክፍሎች የሚያገናኘው መስመር ከራሙ ጋር አብሮ ስለሚፈጥን ጥቅሙ ይጎላል።

አሠራሩ፦ ኮምፒውተሩን ዝጋ፣ ገመዱን ንቀል፣ ማብሪያውን ተጭነህ የቀረውን ኤሌክትሪክ አስወጣ። የኬዙን ብረት ነካ አድርግ። ራሞቹን ነቅለህ 2 እና 4 ላይ ቀጭ እስኪል ድረስ ስካ። ከዚያ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የቦርዱ ሴቲንግ) ግባና ራሙን ሳጥኑ ላይ በተጻፈው ፍጥነት የሚያስኬደውን ኤክስኤምፒ የሚለውን አብራ። ኤኤምዲ ቦርዶች ላይ እንደ አምራቹ ዲኦሲፒ ወይም ኤ-ኤክስኤምፒ ሊል ይችላል። ዲዲአር5 ያላቸው ደግሞ ኤክስፖ የሚል ያገኛሉ። ሴቭ አድርገህ ውጣ።

ካልተነሳ አትደንግጥ። ብዙ ቦርድ ራሱ ሞክሮ ሞክሮ ወደ ድሮው ይመለሳል። ካልተመለሰ የባዮሱን ሴቲንግ የሚያጠፋው ክሊር ሲሞስ አለ። ከተነሳ በኋላ በሜምቴስት86 አስፈትሸው፤ ስህተት ካሳየ ወደ 3000 ዝቅ አድርገው። ይሄን እርምጃ አትዝለል። የሚሳሳት ራም ጌም ብቻ አይደለም የሚያቋርጥ፣ ፋይልህንም ያበላሻል።

ማፑ ሲከፈት የሚደርቀው ደግሞ ሃርድ ዲስኩ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። የሃርድ ዲስክ መርፌ የተበታተነ ፋይል ለመፈለግ በየጊዜው ወደ 10 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ኤስኤስዲ ከ0.1 ሚሊሰከንድ በታች ያገኘዋል። ኤስኤስዲህ ላይ ቦታ ካለ ጌሙን አዛውረው። ስቲም ላይ ጌሙን ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ኢንስቶልድ ፋይልስ፣ ከዚያ ሙቭ የሚለው ነው፤ እንደገና ዳውንሎድ ማድረግ የለብህም። ኤስኤስዲ አማካይ ፍሬም አይጨምርም፤ መድረቁን ነው የሚያስወግድልህ።

ሚሚ_ጌመር፦
አባ_ራም፣ አንዷን ልጨምርልህ። ጌሙ ወይም የካርዱ ድራይቨር አፕዴት በተደረገ ማግስት የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ላይ መደናቀፍ ያለ ነው። ሼደሮቹ (ካርዱ ምስሉን የሚስልባቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች) እንደገና እየተዘጋጁ ነው። ትንሽ ከተጫወትክ በኋላ ይጠፋል። በዚያ ሰዓት ሴቲንግ መነካካት አያስፈልግም።

የልጆች_አባት፦
ጤና ይስጥልኝ ልጆች። እኔ አልጫወትም፤ ልጄ ግን ላፕቶፕ ላይ ትጫወታለች። መጀመሪያ ጥሩ ይሄዳል። ከ15 እና ከ20 ደቂቃ በኋላ ፋኑ ይጮኻል፣ ኪቦርዱ እንደ እሳት ይፋጃል፣ ጌሙም ይጎተታል ትለኛለች። አሮጌ ስለሆነ ነው ወይስ የሚሠራ ነገር አለ?

ሚሚ_ጌመር፦
ጋሼ፣ እንኳን መጡ። የሚሠራ ነገር አለ፤ አይጣሉት!

የነገሩን ምልክት የሙቀት ነው። መጀመሪያ ደህና ሆኖ ከቆየ በኋላ የሚጎተት ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ራሱን ከሙቀት እየተከላከለ ነው። ብዙ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ሙቀታቸው ከ95 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ እንዳይቃጠሉ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ልጅዎ ስትጫወት ከፍታው ትተወው። ሙቀቱ እዚያ ደርሶ ፍጥነቱ ሲወርድ ካዩ ምክንያቱን አገኙት።

አልጋ ወይም ትራስ ላይ አድርጋ እንዳትጫወት ይንገሯት። አየር የሚስበው ከሥሩ ነው፤ ጨርቁ ይደፍነዋል። ጠረጴዛ ላይ አድርጋ የኋላውን ጥቂት ከፍ ታድርገው። ከዚያ አቧራውን ያስጠርጉ። ራስዎ ከሠሩት ላፕቶፑ ይጥፋ፣ ባትሪው ይለያይ፤ አየር ሲነፉበት ፋኑን በጣት ወይም በእንጨት ይያዙት፤ ያለ ልክ ከተሽከረከረ ይጎዳል። ዓመታት የቆየ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ሙቀት የሚያሻግረው ቅባት (ቴርማል ፔስት) ደርቆ ይሆናል። ላፕቶፕ መፍታት ካልለመዱ ይሄኛውን ለባለሙያ ይስጡት።

ሁለት ነገር ደግሞ ያለ ምንም መፍታት ያያሉ። ስትጫወት ቻርጀሩ ይሰካ፤ በባትሪ ብቻ ላፕቶፕ ጉልበቱን ይቆጥባል። ሌላው፣ ላፕቶፑ ሁለት ግራፊክስ ካለው ጌሙ በደካማው እየሠራ እንዳይሆን ይፈትሹ። ዊንዶውስ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ግራፊክስ ውስጥ ጌሙን መርጠው ሃይ ፐርፎርማንስ ያድርጉት።

ፍሬም_ቆጣሪ፦
በዚያው ላይ የፍሬም ገደብ ይደረግለት። ስክሪኑ 60 ሄርዝ ከሆነ (በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ማለት ነው) በሰከንድ 150 ፍሬም እየሠራ የሚግልበት ምክንያት የለም። 60 ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ላይ ሲገደብ ሙቀቱ በግልጽ ይወርዳል።

የልጆች_አባት፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬውኑ ከትራሱ ላይ አነሳዋለሁ። የቀረውን ለሚሠራ ሰው አሳየዋለሁ።

ገመድ_ይሻላል፦
ቀስተኛው፣ የራውተርህ ፒንግ 150 እየዘለለ ማንም እስካሁን ኬብል አለማለቱ ገርሞኛል። የኮምፒውተሩን ጉዳይ እነአባ_ራም ጨርሰውታል፤ ዳታው የሚሄድበትን ልውሰደው።

ዋይፋይ አየሩን ይጋራል። በአንድ ቻናል ላይ በአንድ ጊዜ የሚናገረው አንድ ብቻ ነው፤ ሌላው ይጠብቃል። የጎረቤት ራውተር በዚያው ቻናል ካለ እሱንም ትጠብቃለህ። የተላከው ካልደረሰ እንደገና ይላካል። ፊልም ስታይ ይሄ አይታወቅህም፤ ቪዲዮው ቀድሞ የተወሰነ ስለሚያጠራቅም። ጌም ግን ምንም አያጠራቅምም። አሁን የሆነውን አሁን ነው የሚፈልገው።

የምስማማበት አንደኛ መፍትሔ የኤተርኔት ኬብል ነው። ካት 5ኢ ይበቃሃል፤ እስከ 100 ሜትር ድረስ 1 ጊጋቢት ያስኬዳል። ግድግዳ ተከትሎ ቢሄድም፣ ቢያስጠላም፣ ዘርጋው። ውድ «የጌሚንግ» ኬብል አትግዛ።

ኬብል የማይቻል ከሆነ ወደ 5 ጊጋሄርዝ ቀይር። 2.4 ላይ የማይነካኩ ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፣ 1፣ 6 እና 11። ማይክሮዌቭ ምድጃም በዚያው ነው የሚሠራ። 5 ጊጋሄርዝ ሰፊ ነው፤ ግን ግድግዳ ይከብደዋል፣ ስለዚህ ራውተሩ ወደ አንተ ይቅረብ። ዴስክቶፕ ከሆነ የዋይፋዩን አንቴና ከኬዙ ጀርባ አውጣው፤ የብረት ሳጥን ጀርባ ተደብቆ ምን ይሰማል? በኤሌክትሪክ መስመር ኔትዎርክ የሚያሳልፉ ፓወርላይን አዳፕተሮችም አሉ፤ እንደ ቤቱ ሽቦ ይወሰናል፤ መመለስ የሚቻል ከሆነ ሞክር።

ሁሌም የሚረሳ ነገር አለ። ጌም ራሱ የሚጠቀመው ዳታ ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ1 ሜጋቢት በሰከንድ በታች። ስለዚህ ትልቅ ፓኬጅ መግዛት በራሱ ፒንግ አይቀንስም። ርቀትም በገንዘብ አይገዛም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎሜትር ነው የሚጓዘው። 5,000 ኪሎሜትር ርቆ ያለ ሰርቨር ደርሶ መልሱ በትንሹ 50 ሚሊሰከንድ ነው፤ መንገዱ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳን። ጌሙ የሰርቨር አካባቢ ምረጥ ካለህ ቅርቡን ምረጥ። ካውንተር ስትራይክ 2 ላይ የምትቀበለውን ከፍተኛ ፒንግ መወሰን ትችላለህ፤ ዝቅ አድርገው፣ ጨዋታ ለማግኘት ትንሽ ብትጠብቅም።

ጥላ_ተኳሽ፦
እስካሁን ስለ ስክሪኑ ማንም አልጠየቀም። ቀስተኛው፣ ሞኒተርህ ስንት ሄርዝ ነው? ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ 144 ሄርዙን ስክሪን 60 ላይ ይተወዋል። አድቫንስድ ዲስፕሌይ ውስጥ ገብተህ እየው። ኬብሉም ከግራፊክስ ካርዱ ይውጣ፣ ከማዘርቦርዱ አይሁን።

ፍሬሙ የስክሪኑን መታደስ እንዲጠብቅ የሚያደርገውን ቪሲንክ ደግሞ አጥፋ። እጅህ ከማውዙ ጋር አብሮ የማይሄድ የሚመስልህ በእሱ ነው።

ፍሬም_ቆጣሪ፦
ቪሲንኩ ላይ ትንሽ እከራከራለሁ። ብቻውን ሲሆን መዘግየት ይጨምራል፣ እውነት ነው። ግን ሞኒተሩ ፍሪሲንክ ወይም ጂሲንክ (ስክሪኑ ራሱ ፍሬሙን ተከትሎ እንዲታደስ የሚያደርግ) ካለው እሱን አብርቶ ፍሬሙን ከሞኒተሩ ሄርዝ ጥቂት ዝቅ አድርጎ መገደብ በጣም ጥሩ ስሜት ይሰጣል። ለ144 ሄርዝ 138 አካባቢ ማለት ነው። የምስል መቀደድ የለም፤ መዘግየቱም አይታወቅም።

ጥላ_ተኳሽ፦
ለታሪክ ጌም እሺ። ለተኩስ ጌም እኔ አሁንም ገደብ የለሽ እመርጣለሁ፤ ፍሬሙ በበዛ ቁጥር ስክሪኑ ላይ የሚደርሰው ምስል ትኩስ ነው። ሁለታችንም የምንስማማበት ግን አንድ አለ። የኤንቪዲያ ካርድ ስላለው ሪፍሌክስ ያብራ። ካርዱ እስኪደርስበት የሚጠብቀውን የፍሬም ወረፋ ያሳጥረዋል። ካርዱ ሙሉ በሙሉ ሲጨናነቅ ነው ልዩነቱ የሚጎላው። በሰው ሠራሽ መንገድ በመሀል ፍሬም የሚጨምረውን ፍሬም ጀነሬሽን ግን ለተኩስ ጌም አልመክርም። ቁጥሩ ይወጣል፤ እጅህ ላይ ያለው መዘግየት ግን አይቀንስም፣ እንዲያውም ይጨምራል።

ፍሬም_ቆጣሪ፦
በዚህ አንለያይም።

ቀስተኛው፦
እናንተ ሰዎች ተባረኩ። ራሞቹን 2 እና 4 ላይ ሰካሁ፣ ኤክስኤምፒ አብርቼ 3200 ሆነ፣ ሜምቴስቱም አለፈ። ጌሙን ወደ ኤስኤስዲው አዛወርኩት። ግራፉ ላይ የነበሩት መርፌዎች ጥቂት ብቻ ቀሩ። ማፑ ሲከፈት መድረቁ ጠፍቷል። ካርዱም አሁን ከበፊቱ የበለጠ ይሠራል። ሞኒተሩ 144 ላይ ነው፣ አይቼዋለሁ። ሪፍሌክሱ በርቷል።

ኬብልም ዘረጋሁ። የራውተሩ ፒንግ አሁን 1 ላይ ቀጥ ብሏል። ቀኑን ሙሉ ቆንጆ ነው። ማታ ግን ቤት ውስጥ ያለ ሰው ስልኩ ፎቶና ቪዲዮ ወደ ክላውድ መላክ ሲጀምር የጌሙ ፒንግ ከ45 ወደ 300 ይወጣል። ራውተሩን ፒንግ ሳደርግ ግን አሁንም 1 ነው! ፓኬጁን ልጨምር?

ገመድ_ይሻላል፦
ጎበዝ! የራውተሩ ፒንግ 1 ሆኖ የውጩ 300 መሆኑ ትልቅ ፍንጭ ነው። ይሄ በፈረንጅኛው በፈርብሎት የሚባለው ነው። ጂም ጌቲስ የሚባለው መሐንዲስ በ2010 በቤቱ መስመር ላይ አግኝቶት ለዓለም ያስተዋወቀው ችግር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ ላይ የምትልክበት መስመር ከምትቀበልበት ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው። ስልኩ ቪዲዮውን በጅምላ ሲለቀው ሞደሙ ወይም ራውተሩ ሊያሳልፈው ከሚችለው በላይ ይመጣበታል፤ ከመጣል ይልቅ ያከማቸዋል። የጌምህ ትንሽ ዳታ መጥታ ከዚያ ክምር ኋላ ትቆማለች። አንድ ዳቦ ሊገዛ የመጣ ሰው ለሠርግ ከሚገዙት ኋላ እንደተሰለፈ ማለት ነው። 300ው ሚሊሰከንድ ጉዞ አይደለም፣ ወረፋ ነው።

ፓኬጅ መጨመር ወረፋው ቶሎ እንዲያልቅ ያደርገዋል እንጂ አያጠፋውም። ስልኩ የሰጠኸውን ሁሉ ይወስዳል። መድኃኒቱ ወረፋውን የሚያስተዳድር ራውተር ነው። ሴቲንጉ ውስጥ ኤስኪውኤም ወይም ስማርት ኪዩ የሚል ፈልግ። ከውስጡ ኤፍኪው-ኮደል ወይም ኬክ የሚባል አሠራር አለ። ኮደልን ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን በ2012 ነው ያወጡት፤ ሊኑክስም በዚያው ዓመት ተቀብሎታል። የኤፍኪው-ኮደል ሥራ እያንዳንዱን ግንኙነት በየራሱ ሰልፍ ማስቀመጥና ሰልፉ ሲረዝም ቶሎ ማሳጠር ነው። የጌምህ ትንሽ ዳታ ከቪዲዮው ኋላ አትቆምም።

ራውተርህ ከሌለው ኦፕንደብሊውአርቲ የሚባለውን ነፃ የራውተር ሶፍትዌር የሚቀበል ሞዴል መሆኑን እይ፤ እሱ ላይ ሁለቱም አሉ። ሶፍትዌሩን ከመጫንህ በፊት የሞዴሉን ቁጥር ከነቨርዥኑ አመሳክር፤ የሌላ ሞዴል ከጫንክበት ራውተሩ ላይነሳ ይችላል።

ስታስተካክል ቤቱ ጸጥ ባለበት ሰዓት የመላኪያና የመቀበያ ፍጥነትህን ለካ። ከለካኸው ከ85 እስከ 90 በመቶ ላይ ገድበው። ጥቂት ፍጥነት ታጣለህ፤ ግን ወረፋው ከሞደሙ ወጥቶ አንተ ወደምታዘው ራውተር ይመጣል። ከዚያ ስልኩ እየላከ ፒንግ አድርግ። አሁንም ከወጣ ገደቡን ቀነስ አድርገው።

ነጩ_ፈረስ፦
የራውተሬ ሴቲንግ ኪውኦኤስ የሚል ብቻ ነው ያለው። ያው ነው?

ገመድ_ይሻላል፦
ያው አይደለም፤ ግን ከምንም ይሻላል። የድሮው ኪውኦኤስ ለአንዱ ዕቃ ቅድሚያ ይሰጣል። ኮምፒውተርህን ከፍተኛ አድርገህ፣ ከሁሉም በላይ የመላኪያ ገደብ የሚያስቀምጥ ከሆነ እሱን ተጠቀምበት። ቅድሚያ ብቻ ሰጥተህ ገደብ ካላስቀመጥክ ወረፋው ሞደሙ ውስጥ ስለሚሆን ራውተሩ የሚያዝበት ነገር አይኖርም። ምንም ከሌለህ ደግሞ ስልኮቹ ላይ ክላውዱ ሌሊት ብቻ እንዲልክ አስተካክላቸው። ይሄም ይሠራል።

ቀስተኛው፦
ራውተሬ ስማርት ኪዩ አለው! በ88 በመቶ ገደብኩት። ስልኩ እየላከ የጌሙ ፒንግ ከ45 ወደ 52 ብቻ ነው የወጣው። ጥይቶቼ እየተቆጠሩ ነው።

አንድ የቀረ ነገር አለ። አንዳንድ ጨዋታ ላይ ብቻ፣ ሁሉም ነገር በቤቴ ሰላም ሆኖ፣ ዳታ ይጠፋል። ይሄስ?

ሚሚ_ጌመር፦
ፓዝፒንግ የሚባል የዊንዶውስ ትእዛዝ አለ። የሰርቨሩን አድራሻ ስጠው፤ በየማረፊያው (ዳታው መንገድ ላይ በሚያልፍበት በየራውተሩ) ስንት ዳታ እንደጠፋ ጥቂት ደቂቃ ወስዶ ይነግርሃል። አነባበቡ ላይ ተጠንቀቅ። መሀል ያለ አንድ ማረፊያ ብቻ ኪሳራ አሳይቶ ከእሱ በኋላ ያሉት ንጹሕ ከሆኑ ችግር አይደለም፤ ያ ራውተር ለፒንግ መልስ መስጠት ስላልፈለገ ነው። ኪሳራው ከአንድ ቦታ ጀምሮ እስከ መጨረሻው የሚቀጥል ከሆነ ግን ችግሩ ያለው እዚያ ነው። ከቤትህ ወጥቶ የመጀመሪያው ወይም ሁለተኛው ማረፊያ ላይ ከጀመረ ውጤቱን ቀድተህ ለአገልግሎት ሰጪህ ላክ፤ ሰዓቱንም ጻፍበት። ሰርቨሩ አጠገብ ከጀመረ ደግሞ ሌላ ሰርቨር ምረጥ።